የአስተርጓሚው አበል

በማለዳ መጣ የድርጅቱ መኪና፣
ከሽምብጥ አነሣኝ፣ ጉም ተከናንቦ ጣና።
እንግዳው ከኋላ፣ ጭኑ ላይ ሰነዱ፣
ሰማንያ ጥያቄ፣ ሣጥን ለየአንዳንዱ፤
ስለ ደመወዙ፣ ስለ ማታ ፈረቃ፣
ስለ ሴቶች ክብር፣ ስለ ሥራ ጥበቃ፣
ልጅ ይቀጠር እንደሁ፣ ማኅበር ይኖር እንደሁ፣
ሁሉንም መንገድ ላይ አንድ ባንድ አጠናሁ።
ደግ ሰው ነበረ፣ እውነቱን ለመናገር፤
ውሃውን አካፈለኝ፣ ጠየቀኝ ስለ አገር።

በሩ ላይ ደረስን። ቀለሙ ገና እርጥብ፣
ግድግዳው ላይ ደንብ አለ፣ ማንም የማያነብ፣
ባሕር ማዶ የጻፉት በባሕር ማዶ ቋንቋ፤
ከሥሩ የቅሬታ ሣጥን፣ ባዶውን የሚንቋቋ።
ጓንት ታድሏል ጠዋት፣ ሰማያዊ፣ አዲስ፣
ማታ በቁጥር ወደ ግምጃ ቤት የሚመለስ
(ይህን የሰማሁት ኋላ ነው)።

ጽጌረዳው ቆሟል ላስቲክ ቤቱ መሐል፣
አንገቱን አስግጎ መቀስ ይጠብቃል።
ተቆጣጣሪው ይሁኔ «ጠይቁ» ይለናል፣
«የፈለጋችሁትን!»፤ ደግሞም አይሄድም፣ ጥግ ይዞ ይስላል።

ሴቶቹ ገቡ፣ አንድ በአንድ።
«ሥራው እንዴት ነው?» «ተመስገን።»
«ደመወዙስ?» «ተመስገን።»
«አለቆቹስ?» ወደ ጥጉ አየት አድርጋ፣ «ተመስገን።»
«ተመስገን ማለት ጥሩ ማለት ነው?» አለኝ።
አዎ አልሁት።
አባዬ እግሩ በተቆረጠ ለት፣ አልጋው ላይ ሆኖ፣
እንዴት ነህ ላሉት ሁሉ ተመስገን ሲል ውሎ ነበር፤
ይህን የማስገባበት ሣጥን ግን
ከሰማንያው ውስጥ አልነበረም።

አምስተኛዋ አንጓች። ከይባብ በእግር የምትመላለስ።
ጣቷን ከጓንቱ አላወጣችም፣ ነገር አላስረዘመችም፤
«መድኃኒቱ በዛብን» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ተረጎምሁ። ቃል በቃል። አንዲት ፊደል ሳላጎድል።
እንግዳው ፈገግ አለ፣ «ጤና» ከሚለው ጎን
ራይት አደረገ፤ ከሥሩም ጻፈ፦
«ሠራተኞቹ መድኃኒት በብዛት ያገኛሉ።»
አንጓች ራይቱን አየችው።
ራይት ታውቃለች፣ እስከ ስድስተኛ ተምራለች፤
ተሰማሁ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና አለች።

ስንመለስ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጫት ማሳ ውስጥ
አንድ ሰው መርጫ አዝሎ፣ አፍንጫውን በፎጣ አስሮ፣
ነጭ ጉም ይበትናል።
«ምንድን ነው የሚረጨው?» አለኝ እንግዳው።
«መድኃ...» ብዬ ጀመርሁ፣
አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

እኛ መርዙን እንዲህ ነው የምንጠራው፣
ተባዩ ሲሞት ቅጠሉ ስለሚድን፤
በመሐል የቆመው ሰው ከየትኛው እንደሚቆጠር
ቃሉ አይናገርም።

«ለተባይ ነው» አልሁት፣ በእሱ ቋንቋ፣ በትክክለኛው ቃል።
ራሱን ነቀነቀ። የኔ ነገር እዚያው ላይ ቆመ።
ሰነዱ ተዘግቶ ነበር፣ ፊርማው ደርቆ፣
አውሮፕላኑ ዘጠኝ ሰዓት፣
አበሌም በፖስታ፣ በደረት ኪሴ፣
በየጉድጓዱ መኪናው ሲነጥር ይኮሰኩሰኛል።

በወሩ ቅዳሜ ገበያ አየኋት ሽንኩርት ስትመርጥ፣
ጓንት የለ በእጇ፣ ጥፍሯ ቢጫ፣ ጫፍ ጫፉ የሚላጥ።
«ያልሁትን አድርሰሃል፣ እግዜር ይስጥህ» አለችኝ፣
ከዘንቢሏ ሁለት ሎሚ አውጥታ በግድ አስያዘችኝ።
«ራይት አደረገልኝ እኮ! ታዲያ መቼ ይሆን
መድኃኒቱን የሚቀንሱት?»

ቃል ፈለግሁ። በሁለቱም ቋንቋ።
ከኋላዬ ባለጋሪ «ዞር በል!» ይላል፤ ዞር አልሁ፣ ተመልሼ ቆምሁ።

«ምነው ዝም አልህ? ደህና አይደለህም እንዴ?»

«ተመስገን» አልኋት።